ባቡሩ ቢቀር ሰሌዳው አይቅርብን!

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ አንድ ጡረተኛ መምህር በጅማ ከተማ መምህራን፣ ቡና አቅራቢዎችና ሾፌሮች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ያሰሙት ንግግር ነው። ተናጋሪው ስማቸው እንዲወጣ ባለመፈለጋቸው ሳንጠቅሰው ቀርተናል። — ዝግጅት ክፍሉ)



ጋባዦቼ ደውለው «ጋሼ፣ ስለ ባቡርና ስለ መንገደኛው ችግር ትንሽ ቢነግሩን» ሲሉኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ጅማ ላይ ቆሞ ስለ ባቡር ማውራት እኮ በሑዳዴ ስለ ክትፎ እንደ ማውራት ነው። ይሁንና ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ቃሉስ ሞልቶናል። በልጅነቴ አጋሮ ውስጥ «ባቡር» ማለት ወፍጮ ነበር። እናቴ «ባቡር ቤት ድረስ» ካለችኝ በቆሎ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት መሄዴ ነው። ትልቁን የመኪና መንገድ የገጠሩ ሰው «ባቡር መንገድ» ይለው ነበር። ጣቢያም ቢሆን አላጣንም። ፖሊስ ጣቢያ አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ። ጎማ፣ ሊሙ፣ ማና፣ ጌራ ሄዳችሁ «ጣቢያው የት ነው?» ብትሉ ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያውን ነው የሚያሳዩአችሁ። እንግዲህ ባቡርም አለን፣ ባቡር መንገድም አለን፣ ጣቢያም አለን። የጠፋው ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ብቻ ነው! (ሳቅ)

ሳቁ ይቅርና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

«እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ»

ብዙ ሰው የኛ ባቡር ነገር ትናንት የተወራ ይመስለዋል። አይደለም። መኪና አገራችን ከመግባቱም ይቀድማል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሲሰጡ ውሉ መንገዱን በሦስት ከፍሎት ነበር። አንደኛው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። ልብ በሉ! ያን ጊዜ ከፋ ገና የራሷ ንጉሥ ነበራት፤ በምኒልክ ጦር የተያዘችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ባቡሩ ግን በወረቀት ቀድሞ ደርሶላታል። ለምን? ቡና ስላለ ነዋ!

ሥራው በ1890 ዓ.ም ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በአዲስ ውል በአዲስ ኩባንያ እንደገና ተነስቶ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር። ሦስተኛው ክፍል፣ የኛው ክፍል፣ እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀረ።

በዚህ መሀል ኃያላኑ እኛን ሳይጠይቁ ሲከፋፈሉን ነበር። በ1899 ዓ.ም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ባደረጉት ስምምነት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሠራ ባቡር የእንግሊዝ ድርሻ እንዲሆን ተባለ። እንግዲህ እኛ ለእንግሊዝ ደርሰናት ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ግን ባቡሯን የሠራችው በሞምባሳ በኩል ነው። ከኛው ጋር በአንድ ሰሞን ተጀምሮ እኛ ገና ድሬዳዋ ሳንደርስ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ደረሰ።

የኛ ቡናስ? በበቅሎ ነዋ! የሂርማታ ገበያ የታወቀው በሲራራ ነጋዴ ነው። ጭነቱ ጊቤን ተሻግሮ ሸዋ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ጣሊያን በ1928 ሲገባ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋትና ከአዲስ አበባ የመኪና መንገድ ቆረጠ። እሱም ቢሆን ለኛ አስቦ አይደለም። ቢሆንም እስከ ዛሬ የምንመላለሰው በዚያው አቅጣጫ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1950ዎቹ፣ ከናዝሬት ወደ ዲላ ቅርንጫፍ ሐዲድ ለመዘርጋት ጥናት ተደርጎ ነበር። የሲዳሞን ቡና ለማውጣት ነው። እሱም ጥናት ሆኖ ቀረ። የኛ ግን ለጥናትም አልበቃ።

ሰበታ ላይ ያበቃው ሐዲድ

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም የነበረውን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ታስታውሳላችሁ። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ ሐዲድ ይነጠፋል ተብሎ ነበር። በካርታው ላይ በኢጃጂ አድርጎ ጅማ የሚገባ፣ ከዚያም በጉራፈርዳና በዲማ በኩል ወደ ደቡብ ሱዳን የሚወርድ መስመር ተስሎ ነበር። ያን ካርታ ክፍል ውስጥ ሰቅዬ ለተማሪዎቼ በዱላ እየጠቆምኩ አስተምሬበታለሁ። «እናንተ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ በባቡር ነው የምትሄዱት» ብያቸዋለሁ። ዛሬ ልጆች ወልደዋል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ቲቸር፣ ባቡሩስ?» እያሉ ይስቁብኛል። ምን ልበላቸው?

የተሠራው የጅቡቲው ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ ታኅሣሥ 2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ሐዲዱ ወደኛ በኩል የት አበቃ መሰላችሁ? ሰበታ! ከዚህ ስንሄድ «እፎይ፣ ደረስን» የምንልባት ሰበታ። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ሰበታ። ከባሕር የመጣው ሐዲድ ፊቱን ወደ ጅማ አዙሮ ቆሟል። የቀረው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

«ገንዘብ የለም» ትሉኝ እንደሆነ አምናችኋለሁ። የጅቡቲው ሐዲድ የተሠራው በቢሊዮን በሚቆጠር የቻይና ብድር ነው። በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ላይ መክፈያው ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት መደረሱ ተነግሮናል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ደግሞ ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ ያለ አገልግሎት ለዓመታት ቆመ፤ በጦርነቱም ተዘረፈ። ኬንያም ብትሆን አዲሱን ባቡሯን ከሞምባሳ ናይሮቢ በ2009 አስገብታ፣ ጥቂት ከቀጠለች በኋላ ኡጋንዳ ድንበር ሳትደርስ ናይቫሻ ላይ ቆማ ነበር። ስለዚህ ሐዲድ ገንዘብ ያለቀበት ቦታ ላይ እንደሚያልቅ አላጣሁትም። ሽማግሌ ነኝ፣ ሞኝ ግን አይደለሁም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የጅማው መስመር ተሰረዘ? ተላለፈ? ከተላለፈስ ለመቼ? እስከ ዛሬ አንድ ባለሥልጣን ጅማ መጥቶ፣ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «ወገኖቼ፣ ቃል ገብተን ነበር፤ በዚህ በዚህ ምክንያት አልቻልንም» ሲል አልሰማሁም። ዕቅዱ የተነገረን በከበሮ ነው። ሲቀር ግን በዝምታ ቀረ። ቃል ለመፈጸም ዶላር ያስፈልጋል እንበል። ቃል መቅረቱን ለመናገር ምን ያስፈልጋል? የውጭ ምንዛሪ ነው? (ጭብጨባ)

ሦስት ሌሊት በመናኸሪያ

ባቡር ጣቢያ ስለሌለን ጣቢያችን መናኸሪያው ነው። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ እዚህ ይወርዳል፤ እዚህ ይሳፈራል። ስለዚህ የመናኸሪያውን ነገር ልንገራችሁ። የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ። ማንንም በስም አልወቅስም፤ የነገሩን መልክ እንድታዩልኝ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ ታላቅ እኅቴ ዓይኗን ታመመች። ከአጋሮ እዚህ አምጥቼ አሳየኋት። ሐኪሙ መርምሮ ሪፈር ጻፈላት። «አዲስ አበባ መደረግ ያለበት ቀዶ ጥገና ነው። ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ ባይዘገይ ጥሩ ነው» አለኝ። ቀኑ ሰኞ ነበር። ማክሰኞ ተነስተን ረቡዕን ዘመድ ቤት አርፈን ሐሙስ እንደርሳለን ብዬ አሰላሁ።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መናኸሪያ በር ላይ ነን። እኅቴ ጋቢ ተከናንባ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። 11 ሰዓት ሆነ፤ በሩ ተከፈተ፤ አውቶቡስ የለም። 12 ሰዓት ሆነ፤ ነጋ። ሰዉ መቶ፣ ሁለት መቶ ሆነ። ያን ጊዜ ወሬ ይጀምራል። አንዱ «ጊቤ በረሃ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ወልቂጤ ላይ ተዘግቷል» ይላል። ሦስተኛው «ሾፌሮቹ ነዳጅ ወረፋ ላይ ናቸው» ይላል። ወደ ተራ አስከባሪው ሄድኩ። ልጁን አስተምሬዋለሁ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩት።

«ጋሼ ሙት! ለኔስ ማን ነገረኝ?» አለኝ።

አልዋሸኝም። ወደ ስምሪት ቢሮው ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ውስጥ ያለው ሰው «ነገ ይኖራል» አለኝ። ነገ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንደገና መጣን። አውቶቡስ የለም። አንድ ሚኒባስ የታሪፉን ሦስት እጥፍ ጠይቆ ጫነን። አሰንዳቦን አልፈን ጥቂት እንደሄድን «ከዚህ ወዲያ አይኬድም» ተብሎ ተመለስን። ገንዘቡስ? እሱ አልተመለሰም! ሐሙስም መጣን። በዚያ ሌሊት እኅቴ ስትጠይቀኝ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ «ወንድሜ፣ የሚያውቅ ሰው የለም ወይ?»

መንገዱ የተከፈተው ዓርብ ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ገባን፤ ቢሮው ዝግ ነው። ሰኞ ስንቀርብ ቀጠሮው አልፏል። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን፤ ከሁለት ወር በኋላ። በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እኅቴ ዛሬ በአንድ ዓይኗ ነው የምታየው። ቡናዋን ስትለቅም ቀዩን ከአረንጓዴው የምትለየው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነው።

አሁን ስሙኝ። መንገድ ይዘጋል። ዝናብ ይዘጋዋል፣ ናዳ ይዘጋዋል፣ ግጭት ይዘጋዋል። ይህን ማንም አያስቀረውም። ግን ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ወጥቶ «የወልቂጤው መንገድ እስከ ዓርብ አይከፈትም» ቢለን ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? በበደሌ ዞረን፣ በነቀምትና በአምቦ አድርገን እንሄድ ነበር። ሩቅ ነው፤ ግን ሐሙስ ያደርሰናል። ወይም ከዕድር ተበድረን አውሮፕላን እንሳፈር ነበር። ሌላው ቢቀር ስልክ ደውለን ቀጠሮውን እናስቀይር ነበር። ሦስት መንገድ ነበረን። ሦስቱንም የዘጋብን «ነገ ይኖራል» የሚለው ቃል ነው። መንገዱን የዘጋውን አካል ይቅር ልለው እችላለሁ። እያወቀ ዝም ያለውን ግን እስካሁን አልቻልኩም።

ቡና አቅራቢዎችም እዚህ ስላላችሁ የኔን ነገር በራሳችሁ ለኩት። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል። ጀንፈል ይጠብቃል፤ እሸት አይጠብቅም። መንገድ መዘጋቱን ጠዋት ብትሰሙ ለቀማውን ታቆማላችሁ ወይም ፍሬውን ፀሐይ ላይ ታሰጡታላችሁ። ማታ ብትሰሙ ግን ያው በጆንያ የቦካ ቡና ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ዕዳው የባንክ ነው፣ ብስባሹ የናንተ ነው። በዚህ አገር ሰዓት የሚከበርለት ጫት ብቻ ነው። የጫት መኪና ሲያልፍ ሁሉም መንገድ ይለቃል። ሕመምተኛና ቡና ግን ይጠብቁ!

ድሬዳዋ ያየሁት ሰሌዳ

በ1970ዎቹ አጋማሽ ጀማሪ መምህር ሆኜ ድሬዳዋ ተመድቤ ነበር። የቡና አገር ልጅ ባቡር ያየሁት እዚያ ነው። ያ ባቡር ይዘገይ ነበር። በጣም ይዘገይ ነበር! ሐዲዱ አርጅቷል፤ በ1969 ዓ.ም በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮቹ ፈርሰው አገልግሎቱ ተቋርጦ እንደነበርም ነግረውኛል። ጥር 1977 ዓ.ም ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። የከተማው ለቅሶ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ባቡርን ቅዱስ አድርጌ አላወራላችሁም።

ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው። ጣቢያው ግድግዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ባቡሩ ሲዘገይ አንድ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ይወጣና በጠመኔ ይጽፋል። ሲጽፍ አየሁት፤ «ዛሬ የለም። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት። ትኬት ያያዝ።» ሰዉ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። ሽማግሌው ቆሞ ይሰማል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። መሬት ላይ ያደረ ሕመምተኛ አላየሁም። እኔ ከባቡሩ ይልቅ የቀናሁት በዚያ ሰሌዳ ነው። ባቡር ማለት ብረቱ ብቻ አይደለማ! ሰዓት ማለት ነው። ሰዓቱ ሲሳት ደግሞ ወጥቶ «ስተናል» የሚል ሰው ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንዱም ሐዲድ አይፈልግም።

አንደኛ፣ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በቦንጋ መናኸሪያዎች በር ላይ ሰሌዳ ይሰቀል። ሁልጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው እንደተዘጋ፣ መቼ ይከፈታል ተብሎ እንደሚጠበቅ፣ ታሪፉ ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። የጻፈው ሰው ስሙን ይፈርምበት። ስም የሌለበት ማስታወቂያ ያው ወሬ ነው። «የጸጥታ ጉዳይ ስለሆነ አይነገርም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ዝርዝሩን ማን ጠየቃችሁ? «ዛሬ አትሂዱ» ማለት ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ ነፍስ ማዳን ነው።

ሁለተኛ፣ የሪፈር ወረቀት የያዘ ሕመምተኛ መንገድ ሲከፈት የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ወንበር ይያዝለት። ግማሽ መንገድ ደርሶ የተመለሰ መንገደኛም ገንዘቡ ይመለስለት። ሾፌሮችና ባለንብረቶች እዚህ አላችሁ፤ ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ነገ ጠዋት መጀመር ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፣ የጅማው ባቡር መስመር መዝገብ ይከፈት። መንግሥት ከሦስት አንዱን ቃል ይበለን፤ «ይሠራል»፣ «ተላልፏል»፣ «ተትቷል»። «ተትቷል» ቢሉን አናለቅስም። ከ1886 ዓ.ም ጀምሮ እየጠበቅን ነው፤ ከ130 ዓመት በላይ ሆነን። ለመጠበቅ የሚያክለን የለም! (ሳቅ) ግን መጠበቅ ራሱ ወጪ አለው። አንዱ ባቡር ይመጣል ብሎ መሬት ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው መጋዘን አልሠራም ይላል፣ ወጣቱም ነገ ነገ ሲል ያረጃል። እንደ እኅቴ መናኸሪያ በር ላይ ሻንጣ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ልዩነቱ እሷ የጠበቀችው ሦስት ሌሊት መሆኑ ብቻ ነው።

ያ ተራ አስከባሪ ልጅ «ለኔስ ማን ነገረኝ?» ያለኝ ከልቡ ነው። እኔ እንደማስበው አለቃውም ተጠይቆ ቢሆን ይህንኑ ይል ነበር። የአለቃው አለቃም እንዲሁ። እንዲህ እየተባለ ወደ ላይ ሲኬድ የሆነ ቦታ ላይ የሚያውቀው ሰው አለ። ያ ሰው ጠመኔ ያስፈልገዋል። እኔ 35 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ቤቴ ውስጥ የተረፈ ጠመኔ አለ። ካጣ ይምጣና ይውሰድ።